ከማሳ እስከ ጨረታ፦ የምሥራቅ እስያ የመቃብር ወርቅና የመሥዋዕት ነሐስ

በቻይና ሻዓንሺ ክፍለ ሀገር፣ በባውጂ ከተማ አቅራቢያ ጅያ በተባለ መንደር በ1963 አንድ የነሐስ ዕቃ ከመሬት ወጣ። ያገኙት ሰዎች በቤታቸው ጥቂት ጊዜ ካኖሩት በኋላ በ1965 አሮጌ ብረታ ብረት ለሚገዛ ጣቢያ ሸጡት። በእኛ አነጋገር ቁራሌ ወሰደው ማለት ነው። 14.6 ኪሎ ግራም የሚመዝነው ይህ ዕቃ ለማቅለጫ ምድጃ ታጭቶ ሳለ አንድ የሙዚየም ሠራተኛ አየው፤ ሙዚየሙም ጣቢያው በከፈለው በዚያው 30 ዩዋን ገዛው። ከ10 ዓመት በኋላ ባለሙያዎች ዝገቱን ሲያጸዱ በውስጠኛው ወለሉ ላይ 122 ፊደላት ተቀርጸው አገኙ። ጽሑፉ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ11ኛው ክፍለ ዘመን የነገሠው የዦው ንጉሥ ቼንግ አዲስ ከተማ ስለ መመሥረቱ ይናገራል። ቻይናውያን አገራቸውን የሚጠሩበት «ዦንግጉዎ» የሚለው ቃልም፣ እስከ ዛሬ በታወቁት ጽሑፎች ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገኘው በዚሁ ዕቃ ላይ ነው። ዕቃው ዛሬ «ሄ ዙን» ይባላል።

በምሥራቅ እስያ እንዲህ ያሉ ዕቃዎችን መሰብሰብ ከ900 ዓመታት በላይ ያስቆጠረ ልማድ ነው። ነገሥታት፣ ምሁራን፣ ነጋዴዎችና የሩቅ አገር ባለጸጎች ከመቃብርና ከጓዳ ጉድጓድ የወጣውን ነሐስና ወርቅ ሲፈልጉ ኖረዋል። ይሁን እንጂ ሰብሳቢው ገንዘቡን ከፍሎ የሚወስደው ዕቃውን ብቻ ነው። ዕቃው የማን እንደ ነበረ፣ መቼ እንደ ተቀበረ፣ ከምን ጋር እንደ ተቀመጠ የሚያውቀው የወጣበት መሬት ነው፤ ያ እውቀት ደግሞ አብሮ አይሸጥም። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመሥዋዕት ነሐስ ስንል በሻንግ ሥርወ መንግሥት (በግምት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1600 እስከ 1046) እና እሱን በተካው በዦው ዘመን ለሞቱ አባቶች ምግብና መጠጥ ይቀርብባቸው የነበሩ ዕቃዎችን ማለታችን ነው። «ዲንግ» ሥጋ የሚቀቀልበትና የሚቀርብበት፣ ሦስት ወይም አራት እግር ያለው ድስት ነው። «ጉይ» የእህል ምግብ ማቅረቢያ ሲሆን፣ ከእህል የተጠመቀ መጠጥ የሚሞቅባቸው፣ የሚቀዳባቸውና የሚከማችባቸው ሌሎች ብዙ ዓይነቶችም አሉ። በዘመኑ እምነት የሞተ አባት ከቤተሰቡ አይለይም፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይባርካል፣ ከተረሳም ይቆጣል። ስለዚህ ነሐሱ የጌጥ ዕቃ አልነበረም፤ የቤተሰቡ ሹመትና ርስት የተጻፈበት ማኅደር ጭምር ነበር። የኋላ ዘመን የሥርዓት መጻሕፍት እንደሚሉት ንጉሡ 9 ዲንግ፣ መሳፍንቱ 7፣ ከእነርሱ በታች ያሉት ሹማምንት 5 ይፈቀድላቸው ነበር። አርኪዮሎጂስት መቃብር ከፍቶ ዲንጎቹን ሲቆጥር የሟቹን ማዕረግ የሚገምተውም ከዚህ ተነሥቶ ነው። ከሰባቱ ዲንግ ሦስቱ ወጥተው ቢሸጡ ግን ቆጠራው ዋጋ ያጣል።

አሠራሩ ከእኛ አንጥረኞች ጥበብ ይለያል። የእኛ አንጥረኛ ቅርጹን በሰም ሠርቶ፣ በጭቃ ሸፍኖ፣ ሰሙን አቅልጦ ካፈሰሰ በኋላ በቦታው ወርቁን ያፈሳል፤ የቅኔያችን «ሰምና ወርቅ» የተወሰደው ከዚህ ነው። የሻንግ ባለሙያዎች ግን በአብዛኛው ሰም አልተጠቀሙም። መጀመሪያ የዕቃውን ምሳሌ በሸክላ ያበጃሉ። ከዚያ በላዩ እርጥብ ጭቃ ለጥፈው በክፍል በክፍል ቆርጠው ያነሡታል፤ ክፍሎቹን ተኩሰው በውስጠኛ የሸክላ እምብርት ዙሪያ መልሰው ይገጥሟቸዋል። በመካከሉ በቀረው ቀጭን ክፍተት የቀለጠ መዳብ፣ ቆርቆሮና እርሳስ ይፈስሳል። ክፍሎቹ በተጋጠሙበት መስመር ላይ የሚቀረው ስፌት መሰል ምልክት ዛሬ ለሐሰት መርማሪዎች ትልቅ ምስክር ሆኗል።

ከእነዚህ ዕቃዎች ሁሉ በክብደቱ የሚታወቀው «ሆውሙዉ ዲንግ» 832.84 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ከስምንት ኩንታል በላይ ማለት ነው። በ1939 በሄናን ክፍለ ሀገር፣ በአንያንግ ከተማ አጠገብ በምትገኘው የዉግዋን መንደር ገበሬዎች አወጡት። ጊዜው የጃፓን ጦር አካባቢውን የያዘበት ነበርና እንዳይወሰድ መልሰው ቀበሩት፤ ዳግም የወጣው በ1946 ነው። ከሁለቱ ጆሮዎቹ አንደኛው በዚህ ሁሉ መካከል ጠፍቶ በኋላ በምትክ ተሠራለት። ዛሬ ቤይጂንግ በሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ቆሟል።

እዚያው አንያንግ በ1976 የተከፈተው የፉ ኻው መቃብር ደግሞ ያልተዘረፈ መቃብር ምን ያህል እንደሚናገር አሳይቷል። ፉ ኻው የንጉሥ ዉ ዲንግ ሚስት ነበረች። ከመቃብሯ 468 የነሐስ ዕቃዎች፣ ከ700 የሚበልጡ የጄድ ድንጋይ ሥራዎችና ወደ 7,000 የሚጠጉ የባሕር ዛጎሎች ወጥተዋል። ስሟ በብዙዎቹ ነሐሶች ላይ ተቀርጿል፤ በጥንቆላ አጥንቶች ላይ ጦር እየመራች እንደ ዘመተች የተጻፈላት ሴትም እርሷ እንደሆነች የታወቀው ስሙ ከስሙ በመገጣጠሙ ነው። በአካባቢው የሚገኙት ታላላቅ የነገሥታት መቃብሮች ግን በጥንት ዘመንም በ20ኛው ክፍለ ዘመንም ተዘርፈዋል።

ወርቅ በቻይና የከበረ ቦታውን የያዘው ከነሐስ ዘግይቶ ነው። በሻንግ ዘመን በአብዛኛው ስስ ቅጠል ሆኖ ሌላውን ዕቃ ከመለበጥ አያልፍም ነበር። በሲችዋን ክፍለ ሀገር በሳንሺንግድዌይ በ1986 ከተከፈቱ ሁለት የመሥዋዕት ጉድጓዶች የወጡት የወርቅ ጭምብሎችና በወርቅ የተለበጠው በትር ከዚያ ዘመን ያልተለመዱ ናቸው። በሃን ዘመን ወርቁ በዛ። በ1968 በማንቸንግ በተከፈተው መቃብር ልዑል ልዩ ሸንግ 2,498 የጄድ ቁራጮች ወደ 1,100 ግራም በሚመዝን የወርቅ ክር የተሰፉበትን ልብስ ለብሶ ተገኝቷል። ጄዱ ሥጋው እንዳይፈርስ ይጠብቀዋል ተብሎ ታምኖ ነበር። ሥጋው ግን ፈርሷል።

ስለ ወርቅ ከተነሣ የኻይኹን መስፍን መቃብር ሳይጠቀስ አይታለፍም። በጅያንግሺ ክፍለ ሀገር፣ በናንቻንግ አቅራቢያ በ2011 የመንደር ነዋሪዎች በአንድ ኮረብታ ላይ አዲስ የተቆፈረ ጠባብ ጉድጓድ አዩና ለመንግሥት አመለከቱ። ዘራፊዎቹ በጥልቀት ቆፍረው የመቃብሩን ክፍል ነክተው ነበር፤ ሀብቱ ከተከማቸባቸው ክፍሎች ግን አልደረሱም። ከዚያ በኋላ በተካሄደው ቁፋሮ ከ115 ኪሎ ግራም የሚበልጥ ወርቅ ወጣ። ወርቁ እንደ ቂጣ ክብ፣ እንደ ፈረስ ሰኮና ጉብጉብ፣ እንደ ሰሌዳ ጠፍጣፋ ሆኖ የተሠራ ነው። የሟቹ ማንነት በማኅተሙ ታወቀ፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ74 ዓመት ለ27 ቀናት ብቻ ነግሦ የተሻረው ልዩ ኸ ነው። ከወርቅ ቂጣዎቹ በአንዳንዶቹ ላይ በቀለም የተጻፈ ጽሑፍም ተገኝቷል፤ ወርቁ መስፍኑ ለንጉሠ ነገሥቱ የመሥዋዕት በዓል ያዘጋጀው ግብር እንደሆነና ዓመቱን ይገልጻል። ይህ ቀለም ለአንድ ዘራፊ ቆሻሻ ነው። አንድ ጊዜ በውሃ ቢታጠብ ወርቁ ከሌላው ወርቅ በምንም አይለይም ነበር።

በኮሪያ ልሳነ ምድር የሲላ መንግሥት መዲና በነበረችው በግዮንግጁ ከ5ኛውና ከ6ኛው ክፍለ ዘመን የወጡ የወርቅ ዘውዶች አሉ። እንደ ዛፍ ቅርንጫፍና እንደ አጋዘን ቀንድ ወደ ላይ የቆሙ ቅርጾች፣ በወርቅ ሽቦ የተንጠለጠሉ ቅጠሎችና ጎባጣ የጄድ ፍሬዎች ያጌጡ ናቸው። ብዙዎቹ እስከ ዘመናችን የቆዩት በመቃብሩ አሠራር ምክንያት ነው። ሬሳው ያለበት የእንጨት ክፍል በትልቅ የድንጋይ ክምር፣ ድንጋዩም በአፈር ጉብታ ይሸፈናል። በር የለውም፤ እንጨቱ ሲበሰብስ ድንጋዩ ሁሉ ወደ ውስጥ ይወርዳል፤ ሊሰርቅ የሚቆፍርም ድንጋዩ እላዩ ይናድበታል። የመጀመሪያው ዘውድ በ1921 ቤት ለማስፋት ሲቆፈር በአጋጣሚ ወጣ፤ በዚያን ጊዜ ዕቃዎቹ ተጣድፈው ስለተነሡ ብዙ ነገር ሳይመዘገብ ቀረ። ከዚያው መቃብር በወጣ ሰይፍ ላይ «ኢሳጂ ንጉሥ» የሚል ጽሑፍ መኖሩ የታወቀው በ2013 ነው። ከ92 ዓመታት በኋላ መሆኑ ነው።

መሰብሰቡን በሥርዓት የጀመሩት የቻይና የሶንግ ዘመን ምሁራን ናቸው። ልዩ ዳሊን በ1092 የጥንት ዕቃዎችን ሥዕል፣ ልክና ጽሑፍ አሰናድቶ በመጽሐፍ አወጣ፤ ዕቃው የተገኘበትን ቦታ በሚያውቀው መጠን መመዝገቡ ለዘመኑ ድንቅ ነው። ንጉሠ ነገሥት ኽዊዞንግም 839 ዕቃዎች የተዘረዘሩበትን ታላቅ መዝገብ አሠራ። በ1127 የሰሜን ጦረኞች መዲናውን ሲይዙ እርሱ ተማረከ፤ ስብስቡም ተበተነ። ብዙዎቹ ዕቃዎች ቢጠፉም ሶንጎች የሰጧቸው የዓይነት ስሞች እስከ ዛሬ ይሠራባቸዋል። ለእነዚህ ሰዎች ከሁሉ የሚበልጠው ጽሑፉ ነበር፤ ስስ ወረቀት አርጥበው በፊደሉ ላይ ለጥፈው፣ በጥቁር ቀለም እያረፉበት ቅጂውን ለወዳጆቻቸው ይልኩ ነበር። ጽሑፍ የሌለው ዕቃ ዋጋው እጅግ ያንስ ነበር። ነጋዴዎችም ይህን ሲያውቁ በእውነተኛ አሮጌ ዕቃ ላይ ሐሰተኛ ጽሑፍ መቅረጽ ለመዱ።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገበያው ተለወጠ። የቻይና ንጉሣዊ አገዛዝ ወደቀ፣ የባቡር ሐዲድ ዘርጊዎች መሬቱን ቆረጡ፣ የአሜሪካ፣ የአውሮፓና የጃፓን ባለጸጎች መጡ። እነዚህ ከጽሑፉ ይልቅ ቅርጹንና ጌጡን ወደዱ። የጃፓኑ የሱሚቶሞ ቤተሰብ ስብስብ በኪዮቶ ሙዚየም ሆነ። በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ ከተማ ደግሞ ሀብቱን ከዱቄት ወፍጮ ያገኘው የፒልስበሪ ቤተሰብ አባል አልፍሬድ ፒልስበሪ ነሐሶቹን ለከተማዋ ሙዚየም ተናዘዘ። የስዊድኑ አልጋ ወራሽ ጉስታፍ አዶልፍ በሁለቱም በኩል ይገኛል። የቻይና ነሐስ ሰብሳቢ ነበር፤ በ1926 ደግሞ በግዮንግጁ በአንድ የሲላ መቃብር ቁፋሮ ላይ ተገኝቷል። ኮሪያውያን ያንን መቃብር የሚጠሩበት ስም ስዊድንን የሚያመለክት ፊደል ይዟል።

ለዚህ ፍላጎት ዕቃውን ያቀርቡ የነበሩት ሌሊት የሚቆፍሩ ሰዎች ናቸው። በሄናን «የሎያንግ አካፋ» የሚባል መሣሪያ ፈጠሩ። ግማሽ ቱቦ የሚመስል ብረት በረጅም ዘንግ ላይ ተሰክቶ ወደ መሬት ሲወረወር ከጥልቅ የአፈር ናሙና ያወጣል። የተረበሸ አፈር፣ የከሰል ፍርፋሪ ወይም የበሰበሰ እንጨት ካለበት ከታች መቃብር አለ። መሣሪያው እጅግ የተዋጣለት ስለነበር አርኪዮሎጂስቶችም ተቀብለው እስከ ዛሬ ይገለገሉበታል።

እስከ አሁን ከተነሡት ሁሉ የሰብሳቢነትን ዋጋ ጎልቶ የሚያሳየው የዳቡዚሻን ጉዳይ ይመስለናል። ዳቡዚሻን በጋንሱ ክፍለ ሀገር በሊ አውራጃ የሚገኝ ኮረብታ ነው። ኋላ ቻይናን አንድ ያደረገው የቺን ቤት መሳፍንት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ የተቀበሩት በዚያ ነው። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የመቃብር ዘራፊዎች ኮረብታውን ወረሩት። በ1990ዎቹ መጀመሪያ «የቺን መስፍን» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ነሐሶች በሆንግ ኮንግና በኒው ዮርክ ገበያ ብቅ አሉ፤ የአዳኝ ወፍ ቅርጽ ያላቸው ስስ የወርቅ ቅጠሎች ወደ አውሮፓ ተሻገሩ። የክፍለ ሀገሩ አርኪዮሎጂስቶች በ1994 ሲደርሱ ከ80 ሜትር በላይ የሚረዝሙ ሁለት ታላላቅ መቃብሮች ባዶአቸውን ጠበቋቸው። የሻንጋይ ሙዚየም ከሆንግ ኮንግ ገበያ 4 ዲንግና 2 ጉይ ገዝቶ መለሰ። በእርግጥ ዕቃዎቹን ከመጥፋት አድኗል፤ ሆኖም ለዘራፊው የመጨረሻውን ክፍያ የከፈለውም ገበያው ነው የሚሉ ወቀሳዎች በእንዲህ ያለ ግዢ ላይ ሁልጊዜ ይነሣሉ፤ ወቀሳውም መሠረት አለው።

የዳቡዚሻን ጉዳት ከገንዘብ በላይ ነው። «የቺን መስፍን» የሚለው ማዕረግ እንጂ ስም አይደለም። የትኛው ዲንግ ከየትኛው መቃብር እንደወጣ የሚያውቁት ቆፋሪዎቹ ብቻ ስለሆኑ፣ ሁለቱ መቃብሮች የየትኞቹ መሳፍንት እንደሆኑ ምሁራን እስከ አሁን አልተስማሙም። አንዱ ወገን ሽያንግ ይላል፣ ሌላው ወን፣ ሌላው ጅዋንግ ወይም ሽየን። ዘራፊዎች ያላገኙት አንድ ጉድጓድ በ2006 በሥርዓት ሲቆፈር ትላልቅና ትናንሽ የነሐስ ደወሎች፣ የነሐስ ነብሮችና የድንጋይ ደወሎች በነበሩበት ቅደም ተከተል ተገኙ። አንድ ያልተነካ ጉድጓድ ስለ ቺን ዜማ የነገረንን ያህል ሁለቱ ታላላቅ መቃብሮች ስለ ባለቤቶቻቸው አልነገሩንም።

ከዚህ አጠገብ የያንግጅያ መንደርን ታሪክ ማኖር ተገቢ ነው። በሻዓንሺ ክፍለ ሀገር በሜይ አውራጃ በጥር 2003 አምስት ገበሬዎች አፈር ሲቆፍሩ ድንገት ቀዳዳ ተከፈተ፤ በውስጡ ነሐስ አዩ። ለመንግሥት አሳወቁ። ባለሙያዎች ሲደርሱ 27 ዕቃዎች በአንድ የጓዳ ጉድጓድ ተደርድረው ነበር፤ ሁሉም ጽሑፍ አለባቸው፣ ፊደሎቹም በድምሩ ወደ 4,000 ይጠጋሉ። ከእነርሱ አንዱ ሳህን ላይ ላይ የተባለ ሹም የአባቶቹን ትውልድ እየቆጠረ፣ እያንዳንዱ የትኛውን የዦው ንጉሥ እንዳገለገለ ጽፏል። ከዘመናት በኋላ የታሪክ ጸሐፊው ሲማ ቺየን የጻፈው የነገሥታቱ ቅደም ተከተል በዚህ ሳህን ተመሰከረለት። ዕቃዎቹ አንድ በአንድ ተሽጠው ቢሆን ኖሮ የአንድ ቤተሰብ መሆናቸውን እንኳ ማረጋገጥ ባስቸገረ ነበር። ገበሬዎቹ ተሸልመዋል።

በቻይና በ1982 በወጣው የቅርስ ሕግ መሠረት ከመሬት በታች ያለ ጥንታዊ ቅርስ ሁሉ የመንግሥት ነው። ዩኔስኮ በ1970 ያጸደቀው ስምምነት ደግሞ በሕገ ወጥ መንገድ ከአገር የወጣ ቅርስ እንዳይገዛ ይከለክላል። ዛሬ ጠንቃቃ ሙዚየም ዕቃው ከ1970 በፊት ከአገር የወጣ ወይም በሕጋዊ ፈቃድ የተላከ መሆኑን የሚያሳይ ሰነድ ካልቀረበለት አይገዛም። ሰነድ ያለውና የሌለው ዕቃ በጨረታ ላይ የሚያወጡት ዋጋ በሰፊው የሚራራቀውም ለዚህ ነው።

ሰነድ የሌለው ዕቃ ሌላም አደጋ አለው፤ ሐሰት ሊሆን ይችላል። በነሐስ ላይ አረንጓዴ ዝገት በኬሚካልና በሙጫ ማበጀት አሮጌ ሙያ ነው። ባለሙያዎች በኤክስሬይ የግድግዳውን ውፍረትና የተጠገኑ ስፍራዎችን ያያሉ፤ በእግሩ ውስጥ የቀረ የሸክላ እምብርት ካለም መቼ እንደ ተተኮሰ በላቦራቶሪ ይመረምራሉ። ወርቅ ስለማይዝግ ይበልጥ ያስቸግራል። አንዱ ምልክት ሽቦው ነው፦ የጥንት አንጥረኞች ሽቦን ከጠባብ የወርቅ ጥብጣብ እየጠመዘዙ ስለሠሩት በማጉያ መነጽር ሲታይ የተጠማዘዘ መስመር አለው፤ በቀዳዳ ተስቦ የተሠራ ዘመናዊ ሽቦ ግን ቀጥ ያሉ ጭረቶችን ያሳያል።

አንዳንድ ዕቃዎች ተመልሰዋል። በሁናን ክፍለ ሀገር የተገኘው «ሚን ፋንግሌይ» የተባለው ታላቅ የመጠጥ ማኖሪያ ገላው ወደ ውጭ ሲወጣ ክዳኑ አገር ቤት ቀርቶ ነበር። ገላው በ2001 በኒው ዮርክ ጨረታ ከ9 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ፤ በ2014 የሁናን ወገኖች በድርድር ገዝተው መለሱትና ክዳኑ ከገላው ጋር ተገናኘ። የዳቡዚሻን ወርቅም በ2015 ከፈረንሳይ 32 ቁራጭ ተመልሷል፤ ዛሬ ላንዦው በሚገኘው የጋንሱ ሙዚየም ይታያል። የወፎቹ ክንፍና ጥፍር ጥርት ብሎ ይነበባል፤ በጠርዛቸው ያሉት ትናንሽ ቀዳዳዎች በአንድ ነገር ላይ ተቸንክረው ወይም ተሰፍተው እንደነበር ያሳያሉ። ያ ነገር የሬሳ ሣጥን ይሁን ሌላ፣ በየትኛው መስፍን መቃብር ውስጥ ይሁን፣ ከወርቁ ብቻ ሊነበብ አልቻለም።